ናሙናው ሄዷል፣ ፋይሉ መጥቷል፤ አንባቢውስ?

ሐዋሳ ላይ ወባ እንግዳ አይደለም። ሐይቁ ከነረግረጉ ከከተማው ጎን ተኝቷል፤ ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ትኩሳት እንደሚበዛ ከፒያሳ እስከ አሞራ ገደል ያለ ነዋሪ ሁሉ ያውቀዋል። እንግዳዋ ትንኟ ነች። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2022 እስከ ፌብሩዋሪ 2023 ተመራማሪው ዳዊት ሐዋሪያና ባልደረቦቹ በከተማዋ ትንኝ ሊራባባቸው የሚችሉ 166 ቦታዎችን ሲፈትሹ በ28ቱ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለችውን ዝርያ እጭ አገኙ። ከእጭ አሳድገው ካወጧቸው 548 ሴት አኖፊለሶች ውስጥ 234ቱ የእሷ ወገን ሆነው ተገኙ። ውጤቱ በ2023 ማላሪያ ጆርናል ላይ ሲታተም ስለ ደቡብ ኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሪፖርት ነበር።

ስቴፈንሳይ በትውልድ እስያዊት ነች፤ በጠባይ ደግሞ ከተሜ። የለመድናት የወባ ትንኝ፣ አኖፊለስ አረቢየንሲስ፣ ዝናብ ያቆረውን ኩሬና የከብት ኮቴ የቆፈረውን ትመርጣለች። ይህችኛዋ በርሜል፣ ሮቶ፣ ለግንባታ የተጠራቀመ ውኃ ካገኘች ዝናብ አትጠብቅም። ፒያሳ ላይ ቆሞ ቀና ያለ ሰው ከየፎቁ አናት ሮቶውን፣ ከየጅምር ሕንፃው ሥር ደግሞ የውኃ ጉድጓዱን ሲያይ ከተማው እንዴት እንደሚመቻት ለመገመት አይቸገርም። ጅቡቲ በ2012 ትንኟ ስትገኝ የመዘገበችው 27 የወባ ሕሙማን ብቻ ነበር፤ በ2020 ቁጥሩ ከ73 ሺህ አለፈ። ድሬዳዋ ላይም በ2022 በደረቁ ወቅት የተነሣውን ወረርሽኝ ጥናት ከእሷ ጋር አያይዞታል።

ሐዋሳ ላይ ትንኟ መጀመሪያ በመልኳ ተለየች፣ ከዚያ በፒሲአር ተረጋገጠች። ፒሲአር «ናት» ወይም «አይደለችም» ይላል። ከዚያ በላይ የሆነ ጥያቄ ግን የዲኤንኤውን ፊደላት አንድ በአንድ ማንበብ ይፈልጋል። ከየት በኩል መጣች? የመጣችው አንዴ ነው ወይስ ደጋግማ? የምንረጨውን ኬሚካል የሚያከሽፍ የዘር ለውጥ ይዛለች ወይ? በአገራችን ስለዚህ ንባብ ሲወራ ወሬው ሁሉ ስለ መሣሪያው ነው፤ ማን ገዛ፣ ማን ተለገሰ፣ የት ተመረቀ። መሣሪያው ግን የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ተራ ላፕቶፕ ላይ፣ ተራ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ነው፤ ሐዋሳም ዛሬውኑ ልትሠራው ትችላለች። በጀት የማይያዝለት፣ ኮርስ የማይሰጥበት፣ የማይመረመረውም ይኸው ግማሽ ነው።

ነገሩን ከቀብሪ ደሐር እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2016 ሶማሌ ክልል ውስጥ ያች ከተማ ላይ የተሰበሰቡ ትንኞች የተለመደው መለያ መጽሐፍ የማያውቃቸው ነበሩ። አንጋፋው የአፍሪካ አኖፊለስ መለያ ስቴፈንሳይን አያካትትም፤ ሲጻፍ አህጉሩ ውስጥ አልነበረችማ። በመልክ ብቻ የሚሠራ ሰው መጽሐፉ ውስጥ ካሉት ወደ አንዷ መድቧት ያልፍ ነበር። ታማር ካርተር፣ የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲው ሰሎሞን ያሬድና ባልደረቦቻቸው ግን ከትንኟ ሁለት አጫጭር የዘር ቁርጥራጮች አነበቡ፤ አንደኛው ከሴል ማይቶኮንድሪያ የሚወሰደው ሲኦአይ፣ ሁለተኛው አይቲኤስ2 ናቸው። ፊደላቱ ከእስያዋ ትንኝ ጋር ገጠሙ። ጥናቱ በ2018 ታተመ፣ ኢትዮጵያም አዲስ ጠላት እንዳላት አወቀች። ይህን ያደረገው ከጥቂት መቶ ፊደላት የማይበልጥ ጽሑፍ ነው።

ፋይሉ ራሱ ምን እንደሚመስል ጠጋ ብለን እንይ። የማስተርስ ተማሪ ዲኤንኤውን አውጥቶ፣ በፒሲአር አብዝቶ፣ ለማስነበብ ወደ ደቡብ ኮሪያ፣ ወደ ኔዘርላንድስ ወይም ወደ ደቡብ አፍሪካ ይልካል። ከሳምንታት በኋላ በኢሜይል ፋይል ይመጣለታል፤ መጠኑ በስልክ ከተነሣ አንድ ፎቶ ያንሳል። ሲከፈት ሽቅብ ቁልቁል የሚሄዱ አራት ባለቀለም መስመሮች ይታያሉ፤ ኤ አረንጓዴ፣ ሲ ሰማያዊ፣ ጂ ጥቁር፣ ቲ ቀይ። እያንዳንዱ ጉብታ አንድ ፊደል ነው። መጀመሪያ ያሉት ሠላሳ አርባ ፊደላት ተደበላልቀው አይነበቡም። መሐሉ ጥርት ይላል። ወደ 700ኛው ፊደል ሲጠጋ ጉብታዎቹ ይሰፉና እርስ በርስ ይደራረባሉ። ከእያንዳንዱ ፊደል ጎን የጥራት ቁጥር አለ፤ 20 ማለት ከመቶ አንድ የመሳሳት ዕድል፣ 30 ማለት ከሺህ አንድ ነው። ይህን ሚዛን በ1998 ያወጡት ፍሬድ (Phred) የተባለው ፕሮግራም ደራሲዎች ብሬንት ዩዊንግና ፊል ግሪን ናቸው።

አንድ ቁራጭ ብዙ ጊዜ ሁለቴ ይነበባል፤ አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከኋላ። አንድ መጽሐፍ ለሁለት ቁም ጸሐፊዎች ተሰጥቶ፣ አንዱ ከመጀመሪያው ሌላው ከመጨረሻው ቢነሡ፣ አንዱ የደከመበት ገጽ ላይ ሌላው ትኩስ ይሆናል። ሶፍትዌሩ ከኋላ የመጣውን ገልብጦና በተጓዳኙ ፊደል ተክቶ ከፊተኛው ጋር ያስተኛዋል፤ የተስማሙበትን ይቀበላል፣ ያልተስማሙበትን ያሳያል። «መገጣጠም» የሚባለው ይህ ነው። ጠቅላላው ሥራ በአንድ ካፌ ወንበር ላይ፣ ቡናው ሳይቀዘቅዝ ያልቃል።

ችግሩ ያለው ያልተስማሙበት ቦታ ላይ ነው። ትንኝ ፒሬትሮይድ የተባለውን የአጎበር ኬሚካል እንድትቋቋም ከሚያደርጓት ለውጦች አንዱ በአንድ ዘር 1014ኛ ቦታ ላይ ይገኛል። ቲ-ቲ-ኤ የነበረው ቲ-ቲ-ቲ ሲሆን ሉሲን የተባለው አሚኖ አሲድ በፌኒላላኒን ይተካል። አንድ ፊደል ብቻ ተለወጠ። ለውጡ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ከተገኙ የስቴፈንሳይ ናሙናዎች በጥቂቶቹ ታይቷል። ትንኝም እንደ ሰው ከእናትና ከአባት ሁለት ቅጂ ስለምትወርስ፣ አንዱ ቅጂ ተለውጦ ሌላው ካልተለወጠ፣ ክሮማቶግራም በሚባለው በዚያ ባለመስመር ሥዕል ላይ በአንድ ቦታ ሁለት ጉብታ ይቆማል፤ አንድ አረንጓዴ፣ አንድ ቀይ። ሶፍትዌሩ ካልታዘዘ በቀር ከፍ ያለውን ጉብታ መርጦ አንድ ፊደል ይጽፋል። አረንጓዴው በጥቂቱ ከበለጠ «ኤ» ይላል፣ ትንኟም ለኬሚካሉ ተጋላጭ ተብላ ትመዘገባለች። በተቃራኒው ደግሞ ከብክለት የመጣ ትንሽ ቀይ ጉብታ እንደ እውነተኛ ለውጥ ሊቆጠር ይችላል። ዓይን ያለው ሰው የጀርባውን ጫጫታ፣ የጎረቤት ጉብታዎችን ቁመት፣ ከኋላ የመጣውን ንባብ አስተያይቶ ይፈርዳል። ማሽኑ ሴኡል ውስጥም ይሁን አምስተርዳም፣ ይህን ፍርድ የሚሰጠው ፋይሉን የከፈተው ሰው ነው።

በአገራችን ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ ይህን ፍርድ በትክክል እንደሚሰጥ ማንም አያይም፤ ምክንያቱም ጥሬ ፋይሉን የሚጠይቅ የለም። ፈታኙ የሚያየው ከፊደላቱ የተሳለውን የዘር ሐረግ ዛፍ ነው። ዛፉ ደግሞ ሁልጊዜ ያምራል።

ሶፍትዌሩ ከየት መጣ የሚለውን ባጭሩ ልለፈው። ፍሬድ ሳንገር ዘመናዊውን የንባብ ዘዴ ያወጣው በ1977 ነው፤ በዚያው ዓመት፣ ሳንገርም በሚሠራበት ካምብሪጅ፣ ሮጀር ስታደን ፊደላቱን በኮምፒውተር የሚያደራጅ ፕሮግራም ጻፈ። ማለትም ንባቡና ሶፍትዌሩ እኩዮች ናቸው፤ አንዱ ያለ ሌላው የኖረበት ጊዜ የለም። በ1990ዎቹ ነገሩ ወደ ግል ኮምፒውተር ወረደ። ሲክወንቸር፣ ላዘርጂን፣ ኋላም ከኒውዚላንድ ጂኒየስ፣ ከዴንማርክ ሲኤልሲ መጡ፤ በነጻው ወገን ባዮኤዲት፣ ሜጋ፣ ከሩሲያዋ ኖቮሲቢርስክ ዩጂን ተጨመሩ። አብዛኛው የእኛ ተመራማሪ የሚያውቃቸው ባዮኤዲትና ሜጋን ነው፤ ቀለል ያሉ ናቸው፣ ዊንዶውስ ላይ ይሠራሉ፣ ገንዘብ አይጠይቁም።

አንድ ነገር ግን መለየት አለበት፤ «ላፕቶፕ ይበቃል» የሚለው እስከ ምን ድረስ ነው? የሲኦአይ ቁራጭ 650 ፊደል ገደማ ነው፤ ለዚህ አሥር ዓመት ያረጀ ማሽንም ይተርፈዋል። ከትንኟ ወጥተን ወደ ሲዳማ ጓሮ ስንገባ ነገሩ ይከብዳል። እንሰትን የሚያጠፋው የአጠውልግ በሽታ ባክቴሪያ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በ1968 ከኢትዮጵያ እንሰት ላይ የገለጹት ነው፤ ቆይቶ ሙዝ ላይም ታየ፣ ከ2001 ወዲህ ደግሞ ዩጋንዳ ገብቶ በታላላቅ ሐይቆች አገሮች ሙዝ አረገፈ። የባክቴሪያው ሙሉ ዘር 4.8 ሚሊዮን ያህል ፊደል ነው። የሚመጣውም እንደ ሲኦአይ ሁለት ረጃጅም ንባብ ሆኖ አይደለም፤ 150 ፊደል ያህል የሆኑ ሚሊዮን ቁርጥራጮች ናቸው፤ እነሱን አገጣጥሞ መልሶ ማቆም ያስፈልጋል። 16 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ላፕቶፕ ይህን ይችለዋል፤ መብራት ካልሄደ።

አርተር ዋሱኪራና ባልደረቦቹ በ2012 የዚህን ባክቴሪያ ናሙናዎች ዘር አስተያይተው ሁለት ጎራ አገኙ። በአንደኛው የኢትዮጵያ፣ የሩዋንዳና የኮንጎ ናሙናዎች ናቸው፤ በሌላው የዩጋንዳ፣ የኬንያ፣ የታንዛኒያና የቡሩንዲ። ካርታውን አስተውሉት። ከኢትዮጵያ ጋር የምትዋሰነው ኬንያ ከእኛ ጎራ የለችም፤ ሩቋ ኮንጎ ግን አለች። በሽታው በአንድ መንገድ ብቻ ወደ ደቡብ ወረደ የሚለውን ቀላል ታሪክ ይህ አናጋው። በ2020 ደግሞ በዘር ንባቡ ላይ ተመሥርቶ ባክቴሪያው ስሙ ተለወጠ፤ ካምፔስትሪስ ከተባለው ዝርያ ወጥቶ በሽንኮራ አገዳና በበቆሎ ከሚታወቀው ከቫሲኮላ ዝርያ ጋር ተመደበ። ይህ ለስም ብቻ የሚጨነቁ ሰዎች ጉዳይ አይደለም፤ ከጓሮው አጠገብ ያለውን በቆሎ የማን ዘመድ እንደሚያጠቃው መታወቁ ለገበሬው ትርጉም አለው።

እንሰቱ ራሱ ሲመጣ ግን ላፕቶፑ እጁን ይሰጣል። የእንሰት ዘር ከ500 ሚሊዮን ፊደል በላይ ነው። በ2014 የመጀመሪያው ረቂቅ ሲወጣ የሠራው የእንግሊዙ ኤክስተር ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነበር፤ በ2018 የ17 ተክሎች ንባብ ሲታተም ግን ከደራሲዎቹ ፊት ዘሪሁን የማታውን እናገኛለን፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ ሐዋሳ ከነበረው የደቡብ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ አረካ ማዕከል። ተክሎቹ የእኛ፣ መራጩ ዓይንም የእኛ ነበር። ትልቁን መገጣጠም የሚችል ኮምፒውተር ግን እዚያ ነበረ። 20 ሚሊዮን ሰው ያህል ቆጮና ቡላ የሚበላበትን ተክል የዘር መጽሐፍ ሐዋሳ ላይ ሆኖ መገጣጠም ገና ሩቅ ነው፤ እሱ እስኪሆን ትንኟንና ባክቴሪያውን መተው ግን ስንፍና ነው።

እዚህ ላይ የገንዘብ ጥያቄ ይመጣል። የንግድ ሶፍትዌሮቹ ምቾት አላቸው፤ ሁሉም ነገር በአንድ መስኮት፣ በመዳፊት። ዋጋቸው ግን በዶላር ነው፤ ሐምሌ 2016 (በእኛ አቆጣጠር) ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ዶላሩ ባይነካም በብር ሲመነዘር ከእጥፍ አልፏል። ባለቤቶቹም በፍጥነት ይለዋወጣሉ። ጂኒየስን የሠራው የኒውዚላንድ ኩባንያ ዶትማቲክስ እጅ ገባ፤ ዶትማቲክስን ደግሞ በ2025 የጀርመኑ ሲመንስ በ5.1 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ለሲመንስ ሐዋሳ ያለች የአንድ ላብራቶሪ ፈቃድ በሒሳብ መዝገቡ ላይ ነጥብም አትሆንም፤ ዋጋ ሲጨምር የሚያስታውሳት የለም።

ስለዚህ ሰዉ የሚያውቀውን መንገድ ይሄዳል። የኮምፒውተር ቤት የማይጭነው ነገር የለም፤ በየከተማው ያለ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን በሚያስጠርዝበት ቤት ፍላሽ አቀብሎ ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር ያስጭናል። ልፈርድበት አልቸኩልም፤ ደመወዙ የሚታወቅ ረዳት መምህር በዓመት ብዙ መቶ ዶላር ከየት ያመጣል? ግን ሁለት ነገር ይጎዳል። የተሰበረው ቅጂ ብዙ ጊዜ ያረጀ ነው፣ ቫይረስም ያዘለ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ተመራማሪው በየትኛው ሶፍትዌር፣ በየትኛው እትም፣ በምን ማስተካከያ እንደሠራ በጽሑፉ ላይ በግልጽ ለማስፈር ያፍራል፤ ሥራው ሌላ ሰው ሊደግመው የማይችል ይሆናል። እኔን የሚያስገርመኝ ክራኩ አለማስፈለጉ ነው። ለ650 ፊደል ቁራጭ የንግዱ ሶፍትዌር የሚሠራውን ዩጂንና ሜጋ በነጻ ይሠሩታል። ለባክቴሪያም ስፔድስ የተባለው ገጣጣሚ በነጻ አለ፤ በሊኑክስ ትእዛዝ መስመር ነው የሚሠራው፣ የጥቁር መስኮት ፍርሃትን ማለፍ ብቻ ይጠይቃል። እንዲያውም ትእዛዝ መስመር አንድ ብልጫ አለው፤ የተጻፈው ትእዛዝ ይቀመጣል፣ ማን ምን እንዳደረገ ይታያል። በመዳፊት የተነካ ቁልፍ ግን ብዙ ጊዜ ዱካ አይተውም።

መሣሪያን በተመለከተ ነገሩ ከበፊቱ ተሻሽሏል፤ ይህን መካድ አይገባም። አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም ሆነ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ማንበቢያ አላቸው። ከ2014 ጀምሮ ደግሞ ክብደቱ ከ100 ግራም የሚያንስ፣ በላፕቶፕ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ሚናየን የተባለ ማንበቢያ መጥቷል። ሐዋሳ ላይ ይህን መሰካት ይቻላል። ችግሩ የሚጀምረው ማንበቢያ ቺፑና ኬሚካሉ በቅዝቃዜ ከውጭ ሲመጡ፣ ጉምሩክ ላይ ሲቆዩ ነው። መሣሪያውን ለጋሽ ይሰጣል፤ ሁለተኛውን ዙር ኬሚካል ማን ይገዛል የሚለው ዝምታ ነው። ከዚህ አንጻር ፋይል ማንበብ የሚችል ሰው ማሠልጠን ርካሽ ነው፣ ጊዜውም አያልፍበትም፣ ፍሪጅም አይፈልግም።

አንድ ሌላ ጉዳይ አለ፤ ብዙዎቻችን አናነሣውም። በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የእንሰት ቅጠልም ሆነ ሌላ የዘር ሀብት ከአገር ለማስወጣት የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል። ጥበቃው ያለ ምክንያት አይደለም። የጤፍን ታሪክ እናስታውሳለን፤ በ2005 ከኔዘርላንድሱ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተደረገ፣ ጥቅሙ ሳይመጣ ኩባንያው ከሰረ፣ የጤፍ ዱቄት ፓተንት ግን ቀረ፤ የሄግ ፍርድ ቤት የሻረው በ2018 ነው። ቅጠሉ ድንበር ላይ ይጠየቃል። ከቅጠሉ የተነበቡት ፊደላት ግን በኢሜይል መጥተው ጄንባንክ በተባለው የሕዝብ ማከማቻ ሲገቡ ማንም ከየትም ያወርዳቸዋል። ዓለም ይህን ክፍተት ያየው ዘግይቶ ነው፤ በ2022 ሞንትሪያል ላይ ከእንዲህ ዓይነቱ መረጃ የሚገኝ ጥቅም እንዲጋራ ተስማሙ፣ በ2025 ካሊ ፈንድ የተባለ ቋት ተከፈተ፤ ኩባንያዎች የሚያዋጡት በፈቃዳቸው ነው። ፊደላቱን በሕግ ማጠር እንደማይቻል ግልጽ ይመስለኛል፣ የሚገባም አይመስለኝም፤ ቀብሪ ደሐር ላይ ትንኟን ያወቅናት ሌሎች የራሳቸውን ትንኞች ፊደል በነጻ ስላስቀመጡ ነው። ከነጻ መረጃ የሚጠቀመው ማንበብ የሚችል ነው፤ የእንሰት ፊደላት ለኤክስተርም ለሐዋሳም እኩል ክፍት ናቸው።

ስለዚህ ለዩኒቨርሲቲዎቻችን የማቀርበው ጥያቄ ከአዲስ ላብራቶሪ ያነሰ ነው። የዘር ንባብ ያለበት መመረቂያ ጽሑፍ ሲገባ ጥሬ ክሮማቶግራሞቹ አብረው ይግቡ፤ የሶፍትዌሩ ስምና እትም፣ የተቆረጠው ጫፍ ርዝመት፣ ለድርብ ጉብታ የተሰጠው ወሰን ይጻፍ። ተማሪው ጽሑፉን በሚከላከልበት ቀን የውጭ ፈታኙ ከፋይሎቹ አምስቱን በዘፈቀደ ፕሮጀክተሩ ላይ ይክፈትና «እዚህ ጋ ለምን ኤ አልክ?» ይበል። ዛሬ እነዚያ ፋይሎች ተማሪው ሥራ ይዞ ሲሄድ ፍላሹ ውስጥ ቀርተው፣ ፍላሹም አንድ ቀን ፎርማት ተደርጎ ይጠፋሉ፤ ትንኟን ለመሰብሰብ፣ ለማድረቅ፣ ለመላክና ለማስነበብ የወጣው የውጭ ምንዛሪ ግን ተከፍሏል። የአንድ ትምህርት ክፍልን የዓመት ፋይሎች ሁሉ የሚይዝ ሃርድ ዲስክ ፒያሳ ላይ ካለ የኮምፒውተር ቤት ይገዛል።